ባታታ ለሮሽ ሃሻና ራት፦ ሲላኑ መጨረሻ ላይ ይግባ

ሰላም እህቴ፣ እንኳን አደረሰሽ። ለሮሽ ሃሻና፣ ለአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ራት ባታታ (ስኳር ድንች) በኦቨን ስትሠሪ እየላሸቀ፣ ማሩም ትሪው ላይ እያረረ እንዳስቸገረሽ ጽፈሻል። ዋናው ምግብ ሥጋ ስለሆነ፣ ሥጋና የወተት ነገር ደግሞ አብሮ ስለማይበላ፣ ያለ ቅቤ እንዴት እንደሚጣፍጥም ጠይቀሻል። እኔ ለሮሽ ሃሻና፣ የቤተ እስራኤል አባቶቻችን ብርሃን ሠረቀ ለሚሉት በዓል፣ በየዓመቱ የምሠራው ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከማሩ እንጀምር። ማርም ሆነ ሲላን (የቴምር ሽሮፕ) ከመጀመሪያው ከባታታው ጋር ከተለወሰ፣ ባታታው ሳይበስል እሱ ቀድሞ ያርና ይመራል። ስለዚህ ኦቨን ሲገባ ዘይት፣ ጨውና ቅመም ብቻ ነው። ጣፋጩ የሚጨመረው ሊወጣ 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ብዙም አያስፈልገውም፤ ባታታ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ በራሱ ይጣፍጣል።

የሚላሽቀው ደግሞ ከእርጥበትና ከመጨናነቅ ነው። ለ8 ሰው 1 ኪሎ ተኩል ባታታ ልጠሽ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል እያደረግሽ እኩል እኩል ቁረጪና በንጹህ ፎጣ በደንብ አድርቂው። 4 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ቀረፋ ይበቃዋል። የመጋገሪያ ወረቀት ላይ ሳይነካካ ይዘርጋ፣ ካልበቃሽ ሁለት ትሪ አድርጊው፣ ምክንያቱም ተደራርቦ ከገባ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ኦቨኑ አስቀድሞ 220 ዲግሪ ይድረስ። ከ25 ደቂቃ በኋላ አንዱን ገልብጠሽ እዪው። ታቹ ቡናማ ሆኖ ከወረቀቱ በቀላሉ ከለቀቀ 3 የሾርባ ማንኪያ ሲላን አፍስሽበት፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርገሽ መልሺው። ሲላኑ ጠርዝ ጠርዙን አረፋ እያወጣ ሲፈላና ቁራጮቹ ሲያብረቀርቁ ወዲያው አውጪው፤ እዚህ ጋ ከአጠገቡ አትራቂ፣ በጣም ቶሎ ነው የሚያርረው።

እኔ ከማር ይልቅ ሲላን እመርጣለሁ፤ ጠለቅ ያለ ጣዕም አለው። ስትገዢ ግን ጀርባውን አንብቢ፣ ስኳር የተቀላቀለበት ብዙ ነው። 100 ከመቶ ቴምር የሚለውን ውሰጂ።

ስለ ቅቤው አታስቢ። ዶሮ ወጡንስ በዘይት አይደል የምንሠራው? እኛ ቤት ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ከዘይቱ ጋር ይገባል፣ ከሲላኑ ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ጣዕም ልዩ ነው፣ በጣም እወደዋለሁ። ግን እንግዶችሽን ጠይቂ። ዓመቱ ጣፋጭ ይሁን ብለው በሮሽ ሃሻና የሚኮመጥጥና የሚያቃጥል ነገር የማይቀምሱ አሉ፤ ለእነሱ በርበሬውን ተዪው። ከአሽከናዞች፣ ማለትም ዘራቸው ከአውሮፓ ከሆነ አይሁዶች፣ መካከል ደግሞ በዚህ በዓል ለውዝና ዋልነት የማይበሉ ብዙ ናቸው። አማቾችሽ እንደዚያ ከሆኑ ከላይ ሮማን ወይም የተቆላ ሰሊጥ በትኚበት። ሮማኑ እንደውም የበዓሉ ነው፣ ቀለሙም ገበታውን ያደምቀዋል። የምትበትኚው ግን ገበታ ላይ ሲቀርብ ነው፣ ትኩስ ላይ ከቆየ ውሃውን ይለቃል።

በዓሉ ዓርብ ማታ ከገባ፣ በሰንበት ስለማይበስል፣ የሰንበት ሻማ ከመብራቱ በፊት ጨርሰሽ ፕላታ (ምግብ ሞቆ የሚቆይበት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) ላይ አስቀምጪው። በፎይል ጥርቅም አድርገሽ ግን አትሸፍኚው፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ያን ሁሉ የለፋሽበትን መልሶ ያላሽቀዋል። ጣል አድርጊበት ይበቃል።

ጥሬውን ባታታ ፍሪጅ አታስገቢ፣ መሃሉ ይደርቅና አልበስል ይላል። ወጥ ቤት ጥላ ቦታ ላይ ይቀመጥ። ለፔሳህም (ለአይሁድ ፋሲካ) በዚሁ አሠራር ይሆናል፤ ሲላኑና ቅመሙ ላይ ግን ለፔሳህ ኮሸር (የተፈቀደ) የሚል ማኅተም መኖሩን እዪ።