ቁልፉ ማንን ነው የሚያዘው?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ ላለው ለአጎቴ ሱቅ የዱቤ መዝገብ በፓይተን፣ በፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው፣ እየሠራሁ ነው። አንዱን ቁልፍ «አስቀምጥ» ስለው ጓደኛዬ «ለአጎትሽ እንዲህ ይባላል? ያስቀምጡ በይ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ፤ ስጫነው ወንድ የሚያደርገኝ መሰለኝ። «ማስቀመጫ» ብለውስ? ቁልፍ ነው ወይስ አዝራር የሚባለው? የቋንቋ ጥያቄ ባይሆንም ደግሞ፣ ቁልፉን ሳልነካው መስኮቱ ገና ሲከፈት ራሱ «ተቀምጧል» ይለኛል።

መልስ፦ አብሽሪ፣ አጎትሽን አልደፈርሽም። ማን ለማን እየተናገረ እንደሆነ ብቻ እዪ። አጎትሽ «አስቀምጥ»ን ሲነኩ ትእዛዙ ከእሳቸው ወደ ማሽኑ ነው፤ ኮምፒውተርን አንቱ የሚል የለም። አንቺም ስትነኪው የምታዢው አንቺ ነሽና ወንድ አላደረገሽም። ከቁልፉ በላይ ካለው ባዶ ሣጥን አጠገብ ግን ተናጋሪው ማሽኑ ነው። እዚያ «የደንበኛውን ስም አስገባ» ብለሽ ከጻፍሽ አጎትሽን አንተ አልሽ ማለት ነው፤ «ያስገቡ» በይ።

የሚያስቸግረው «ግባ» ነው። የይለፍ ቃሉን ጽፎ የሚገባው ሰውየው ነው፣ ማሽኑ የትም አይገባም። ስለዚህ ቁልፉ ተገልብጦ ሰውን ያዛል። እንዲህ ሲሆን ከግስ ወደ ስም መሸሽ ነው፦ «መግቢያ»፣ «መውጫ»። ጾታም አንቱታም አይጠይቁም። ሁሉ ቦታ ግን አይሠራም። «ማስቀመጫ» ብትይ እኛ ቤት የአበባ ማስቀመጫ ነው የሚታየው፤ አጎትሽም ውስጡ ያለውን ሊያዩ ይነኩታል እንጂ ሊያስቀምጡበት አይደለም።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገርሽ። «ይህ መዝገብ ይሰረዝ?» ይላል መስኮቱ፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፣ ሁለቱም «ሰርዝ» ይላሉ። አንዱ መዝገቡን የሚያጠፋው፣ ሌላው ሐሳብን የሚያስቀይረው መሆኑ ነው። ገንዘብ ያዡ እጁን አንሥቶ ቀረ። ማጥፋቱን «አጥፋ»፣ መተዉን «ይቅር» ወይም «ተወው» ብትዪ ማንም አይሳሳትም። «ተወው» ለመስኮት አይመጥንም የሚሉ አሉ፤ እኔ በጣም ነው የምወደው።

«እዚህ ይጫኑ» የሚለውንም ተጠንቀቂ። ጫ ሲጠብቅ «ተጫነ» ነው፣ ሲላላ «ጫነ»፤ ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅን አያሳይም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ «ይጫን» ሲባል ኮንቴይነር ይነሣል። ፋይል መጫንም ፕሮግራም መጫንም በዚሁ ቃል ስለሚጠሩ፣ ለጣት «ይንኩ» ይሻላል።

ቁልፍም አዝራርም የሸሚዝ መቆለፊያ ስሞች ናቸው። አዝራር በዐረብኛ የብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው ዚር ነው። በአማርኛ የተተረጎሙ ስልኮች አዝራርን ወደውታል፣ ምክንያትም አላቸው፤ «ቁልፍ» የበሩም፣ የኪቦርዱም፣ የሸሚዙም ነውና ሸክሙ በዝቷል። ሱቅ ውስጥ ግን «ቁልፉን ንካው» ነው የምንባባለው። ለአጎትሽ ቁልፍ፣ ለመመሪያ ጽሑፍ አዝራር።

ራሱን የሚያዘው ቁልፍሽ ደግሞ የቋንቋ ጥያቄ ነው፣ ያውም ዋናው። በቲኪንተር፣ በፓይተን መስኮትና ቁልፍ መሥሪያ፣ አንድ ቁልፍ ስትፈጥሪ «ቴክስት» በሚለው ቦታ ላዩ ላይ የሚነበበውን፣ «ኮማንድ» በሚለው ደግሞ ሲነካ የሚሠራውን ትሰጫለሽ። ኮማንድ ትእዛዝ ነው ቢባልም እዚያ የሚፈለገው ትእዛዝ ሳይሆን የሥራው ስም ነው። ከስሙ ኋላ ቅንፍ ከከፈትሽና ከዘጋሽ ሥራው ቁልፉ ሲፈጠር እዚያው ይፈጸማል፤ ቁልፉ የሚቀበለው ከሥራው የተመለሰውን ነው፣ ብዙውን ጊዜ ባዶ። በኋላ ሲነካ ምንም የማይሠራው ለዚህ ነው። ስልክ ቁጥርሽን «ስትፈልጊኝ ደውዪ» ብለሽ መስጠትና ራስሽ አሁኑኑ መደወል አንድ አይደሉም። ቅንፉን አውጪው።

እኔ ብሆን ለቁልፉ ጽሑፍ ትእዛዙን «አስቀምጥ»፣ ለሥራው ስም ንዑስ አንቀጹን «ማስቀመጥ» እሰጣለሁ፤ ንዑስ አንቀጽ ስም ነውና «ኮማንድ» ላይ ስትጽፊው ስም እየሰጠሽ መሆኑን አትረሺም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን በስምነት ይቀበላል። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን ግን ለይቶ ነው የሚያያቸው። ላይ «መሰረዝ» ብለሽ ታች «መሠረዝ» ብትዪ እኛ አንድ አድርገን እናነበዋለን፣ እሱ ግን «እንዲህ ያለ ስም አላውቅም» ብሎ ይቆማል።