ጎረቤቴ በሯን ዘጋችብኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ከተማ፣ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ከእኔ በታች አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት አሉ። ለገና ድፎ ዳቦ ወሰድኩላቸው። በሩን ገርበብ አድርገው ተቀበሉኝና «ግቢ» እንኳ ሳይሉኝ ዘጉት። ልጆች አሏቸው ወይ፣ ለምን ብቻቸውን ይኖራሉ ብዬ ብጠይቃቸውም ዝም አሉ። በማግሥቱ ሳህኑን አጥበው፣ ባዶውን፣ «አመሰግናለሁ» ከሚል ብጣሽ ወረቀት ጋር ደጄ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ መዝሙር ከፍቼ ስጸልይና ስሰግድ፣ «ድምፅ በዛ» የሚል ደብዳቤ በፖስታ ሣጥኔ ከተቱ። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ትቻለሁ። በእምነቴ የመጣ ፈተና ነው ብዬ ልታገሠው? ወይስ ቤት ልቀይር?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ ጾሙና ስለ ሌሊት ጸሎቱ የምጨምርልሽ የለኝም። በርቺ። እኔን ያሳሰበኝ «ፈተና» ያልሽው ቃል ነው። ይህን ቃል በስደት ካሉ ምእመናን አፍ ስሰማው ዓመታት ተቆጠሩ። ጎረቤት ስለ ጫማ ኮቴ ሲናገር ፈተና ነው፤ አከራይ ስለ ዕጣን ጭስ ሲጠይቅ ፈተና ነው። «ክርስቲያን በመሆናችን ጠሉን» እንላለን።

ቅዱስ ጴጥሮስ ክርስቲያን ስለ ሆነ መከራ የሚቀበል ሰው አይፈር ብሏል። ይህን እንወደዋለን፣ እንጠቅሰዋለን። ከዚያው በፊት ያለውን ቁጥር ግን እንዘለዋለን። ማንም ነፍሰ ገዳይ፣ ሌባ፣ ክፉ አድራጊ፣ ወይም በሌሎች ጉዳይ የሚገባ ሆኖ መከራ አይቀበል ይላል (1ጴጥ. 4፥15)። በሰው ጉዳይ መግባትን ከነማን ጋር እንደቆጠረው ተመልከቺ። ሴትዮዋ የጻፉልሽ ስለ ድምፅ ብቻ ነው። ማዕተብሽን በጥሺ፣ ሥዕሉን አውርጂ አላሉሽም። በ2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር ስለ ክርስቶስ የተሠዉትን ወንድሞቻችንን የምናስብ ሰዎች፣ እንቅልፍ የነሣነው ጎረቤት ሲናገረን «ተሰደድን» ማለት አይገባንም።

ይህን የምነግርሽ እኔም ስለ ወደቅሁበት ነው። ወደ ስደት በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የምናገለግለው በተውሶ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው እንደ ደመቀ ፖሊስ መጣ። በሳምንቱ ምእመናን ፊት ቆሜ «ጠላት በደስታችን ቀና» ብዬ አስተማርሁ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። ኋላ ስንሰማ የደወለችው ከአጥሩ ማዶ ያለች አራስ ኖራለች። አስቢው፣ በአገራችን አራስ ቤት አጠገብ ከበሮ የሚመታ ማን ነው? ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። ያን ስብከቴን ግን መልሼ ልውጠው አልቻልሁም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ወደ በሩ ልመለስ። አገር ቤት በር የሚዘጋው ለሌባ ነው፤ ለጎረቤት የተዘጋ በር ቂም አለበት። ስለዚህ የተዘጋ በር ስታዪ ልብሽ ማዘኑ አይገርምም። ነገር ግን በር መዝጋት ሁሉ ጥላቻ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ላይ፣ ለባልንጀራው ያበደረ ሰው መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ወደ ቤቱ እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅና ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ እንዲሰጠው ታዝዟል (ዘዳ. 24፥10-11)። አበዳሪው የሚጠይቀው ገንዘብ አለው፤ ቢሆንም ደጃፉን አያልፍም። የድሃው ቤት የድሃው ክብር ነው። የእኛስ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብላ የተከፈለች አይደለችም? ከመጋረጃው ወዲህ የቆመ ምእመን «ተጠላሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። የመነኩሴም በአት ዘው ተብሎ አይገባበትም። በር ማክበር ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ለፎቅ ጎረቤታችን ማድረግ ነው የተሳነን።

ልጆች እንዳሏቸው መጠየቅሽን በክፋት አልቆጥርብሽም። በእኛ ዘንድ መጠየቅ መውደድ ነው፤ ያልጠየቀ ነው የሚታማው። ነገር ግን የምትኖሪበትን ከተማ አስቢ። ላይፕዚግ እስከ 1990 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ነበረች። የዚያ መንግሥት የደኅንነት መሥሪያ ቤት በድብቅ ወሬ የሚያቀብሉ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩት፤ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ይጽፍ ነበር። እኚህ እናት ምን እንዳለፉ አላውቅም። ግን በደርግ ዘመን «ልጅሽ የት ሄደ?» ስትባል ድንጋጤዋን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን እናት በእኛም ሰፈር ነበረች። ጥያቄ ሁሉ ፍቅር ሆኖ የማይሰማው ሰው አለ።

ሳህኑስ? «ባዶውን» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ባዶ ሳህን መመለስ በእኛ ነውር ስለሆነ ቅር እንዳለሽ ይገባኛል። እኔ ግን ጥያቄሽን ደግሜ ሳነበው ያየሁት ሌላ ነው። የታጠበ ሳህን፣ ደረጃ የወጡ አሮጊት እግሮች፣ «አመሰግናለሁ» የሚል የእጅ ጽሑፍ። እንዳይቀሰቅሱሽ ብለው ይሆናል ያላንኳኩት። ሰላምታ የከለከልሽው እኚህን ሰው ነው፤ ይህን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

ስለ ጸሎቱ ደግሞ መጽሐፈ ምሳሌ በግልጥ ይናገራል። ባልንጀራውን ማልዶ በታላቅ ድምፅ የሚባርክ ሰው እንደሚራገም ይቆጠርበታል (ምሳ. 27፥14)። ምርቃቱ እንኳ ያለ ሰዓቱ ሲጮኽ እርግማን ይሆናል። በዚያ አገር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የጸጥታ ሰዓት ነው፤ እሑድም እንዲሁ ጸጥታ ይጠበቃል። ይህን እምነት የለሽነት አድርገሽ አትዪው። እሑድ የሥራ ዕረፍትና የመንፈስ መነሣሻ ቀን ሆና በሕግ እንድትጠበቅ በ1919 እ.ኤ.አ. በሕገ መንግሥታቸው ጽፈዋል፤ የ1949 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥትም ያንኑ ተቀብሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እሑድ ግድግዳ አትብሺ የሚልሽ ጎረቤት፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ሰንበትን እያስከበረልሽ ነው።

ቤት አትቀይሪ፤ ይህን ልብሽን ይዘሽው ከሄድሽ እዚያም ፎቅ አለ፣ እዚያም ጎረቤት አለ። በሌሊት የመዝሙሩን ድምፅ አጥፊና ዳዊትሽን በለሆሳስ ድገሚ። ሐና በመቅደስ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ሳይሰማ ለምና ሳሙኤልን አግኝታለች። ስግደቱን አትተዪ። የእንጨት ወለል ላይ ጉልበትና ግንባር ሲያርፍ ከታች ላለ ሰው ጣሪያው የተመታ ያህል ነው፤ ወፍራም ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ አጥፈሽ አንጥፊበት። ምንጣፍ ስግደትን አያቀልም። የወሩን ዝክር ስታዘጋጂም ከሁለት ከሦስት ቀን በፊት የሕንጻው መግቢያ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጽፈሽ ለጥፊ፤ ስልክሽንም ጻፊበት። እዚያ አገር ይህ የታወቀ ወግ ነው፤ ሰዉ ያከብርሻል።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወርደሽ አንኳኪ። «ስለ ድምፁ ይቅርታ፤ አሁን እንዴት ነው?» በይ። ስለ ልጆቻቸው አትጠይቂ። በሩን ገርበብ ቢያደርጉት ደጃፉ ላይ ሆነሽ ጨርሺና ተመለሺ። ምንጣፉን ግን ከመውረድሽ በፊት አንጥፊው።