አከርካሪ ላይ የደረሰ ካንሰርና የሲቢሲ ቁጥር፦ ለሰበታዋ እህት መልስ

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የፕሮስቴት ካንሰራቸው አከርካሪያቸው ላይ ደርሷል፤ ዴክሳሜታዞን (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ) ከጀመሩ በኋላ ሰበታ የተሠራው ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ግራን (በዋናነት ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል) 81 ፐርሰንት፣ ሊም (ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ የደም ሴል) 12 ፐርሰንት ይላል፤ አንድ ሰው አንዱን ለሌላው አካፍሎ «6.8 ነው፣ ብዙ አይቆዩም» አለኝ ብለሻል። ማካፈሉ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ከዚህ ወረቀት አይወጣም።

ኒውትሮፊል ለሊምፎሳይት ሲካፈል ውጤቱ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ ካንሰር አከርካሪያቸው ላይ በተዛመተባቸው ሰዎች ላይ ከአጭር ዕድሜ ጋር ተያይዞ መታየቱ እውነት ነው። ሆኖም «ከፍተኛ» የሚባልበት መቁረጫ ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ አንዱ 3 አካባቢ፣ ሌላው 5 አካባቢ ያደርገዋል። በዚያ ላይ የብዙ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ኒውትሮፊል በተፈጥሮው ከአውሮፓውያን ዝቅ ያለ ነው፤ የውጭውን መቁረጫ እንዳለ መውሰድ ያሳስታል።

የአባትሽን ቁጥር ያበላሸው ትልቁ ነገር ግን ዴክሳሜታዞኑ ነው። መድኃኒቱ የደም ሥር ግድግዳ ላይ የተጣበቁትን ኒውትሮፊሎች ወደሚዘዋወረው ደም ይለቃል፤ ሊምፎሳይቶችን ደግሞ ከደም ያሸሻል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ዕጢው ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚጠቅመው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የተሠራው ሲቢሲ ነው፤ ካለ ፈልጉት። «ንጹሕ ቁጥር» ለማግኘት ብላችሁ ግን መድኃኒቱን በፍጹም እንዳታቋርጡ! ነርቩን ከእብጠት የሚያተርፈው እሱ ነው፤ ድንገት ማቆሙም በራሱ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ማሽኑ ነው። ወረቀቱ «ግራን» ካለ ነጭ የደም ሴልን በሦስት ብቻ የሚከፍል ማሽን ነው፤ ግራን ውስጥ ኢኦሲኖፊል የሚባለው ሌላ ነጭ የደም ሴልም አለ። ወስፋት ወይም ሌላ የአንጀት ትል ያለበት ሰው ኢኦሲኖፊሉ ስለሚጨምር ውጤቱ ከፍ ይላል። የተቀሩትን ሴሎች የሚይዘውን «ሚድ»ንም እንደ ሞኖሳይት (ሌላ የነጭ ሴል ዓይነት) ብቻ ወስዶ ማስላት አይቻልም። አምስቱንም የሚለይ ማሽን ወይም በስላይድ በአይን የተቆጠረ ዲፈረንሺያል (የየዓይነቱ ነጭ ሴል ቆጠራ) ጠይቁ። ናሙናው ወደ መሃል ከተማ የሚላክ ከሆነ በወይንጠጅ ክዳኑ ቱቦ ተወስዶ፣ ወዲያው 8 ወይም 10 ጊዜ በቀስታ ተገልብጦ በዚያው ቀን ይቆጠር። በደንብ ካልተቀላቀለ ይረጋል፤ ደም የሚያረጋው ፕላትሌትም ተሰባስቦ ዝቅ ብሎ ይነበባል። የብረት እጥረት ደግሞ በተቃራኒው ፕላትሌትን ከፍ ያደርጋል፤ ፕላትሌት ለሊምፎሳይት የሚካፈልበትን ሌላ ተመሳሳይ ስሌትም ያዛባል። የሽንት ማስወጫ ቱቦ (ካቴተር) ከገባላቸው ኢንፌክሽን መኖሩም ይታይ፤ እሱም ኒውትሮፊልን ከፍ ያደርጋልና።

ሐኪሞች የሚያመዛዝኑት ካንሰሩ ከየት እንደተነሳ፣ መራመድ መቻላቸውን፣ ጉበትና ሳንባ መነካቱን፣ አልቡሚንን (የደም ፕሮቲን) እና ሄሞግሎቢንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተሻሻለው፣ የቀረውን ዕድሜ ለመገመት የሚያገለግለው የቶኩሃሺ ነጥብ ከ15 የሚሰጥ ሲሆን ሲቢሲን ጭራሽ አይቆጥርም። ለዚሁ ግምት የሚያገለግለው ሶርግ የሚባል የኮምፒውተር ስሌት ይህን ቁጥር ያስገባል፤ ግን ከብዙዎቹ አንዱ አድርጎ ነው። ከፕሮስቴት የተነሳ ደግሞ ከሳንባ ከተነሳው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ዕድሜ ይሰጣል፤ በተለይ የሆርሞን ሕክምና ገና ያልተሞከረላቸው ከሆኑ።

እግራቸው ከዛለ፣ ሽንት አልወጣ ካላቸው ወይም መቀመጫቸው አካባቢ ከደነዘዘ ስሌቱን ተዉትና ሌሊትም ቢሆን ኤምአርአይ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዷቸው፤ ጀርባቸውን ሳታጥፉ፣ አስተኝታችሁ።