በብርድ የማይነሳ ትራክተር አትግዙ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

አሮጌ ትራክተር ልትገዙ አስባችሁ "ጋሼ፣ ያዋጣል?" የምትሉኝ እየበዛችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ዕቁብ ደርሷችሁ ነው። ሌሎቻችሁ ለሦስት ለአራት ሆናችሁ፣ ከቤተሰብ ተበድራችሁ ነው። አዲሱ ዋጋው አይቀመስም፤ ስለዚህ አሮጌውን ማሰባችሁ ትክክል ነው። የድሮ ትራክተር ኮምፒውተር የለውም፣ ሴንሰር የለውም፤ በመፍቻና በጆሮ ይጠገናል። እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት ከእሱ ጋር ነው፤ መጀመሪያ አርሲና ባሌ ማሳ ላይ፣ ኋላ እዚሁ አዳማ ጋራዥ ውስጥ። መልሴ "አዎ፣ ያዋጣል" ነው። ብርዱን ግን አስቡበት።

አዳማ ተቀምጦ ስለ ብርድ ማውራት ግር ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ትራክተሩን የምትገዙት አዳማ ነው፤ መለዋወጫውም መካኒኩም እዚህ ነው። የሚያርሰው ግን ሌላ አየር ውስጥ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በቆጂ 2,800 ገደማ ይደርሳል። ከአዳማ አሰላ ያለው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዴራንና ኢተያን ስታልፉ እናንተ ጃኬት ትደርባላችሁ፤ ሞተሩ ግን የሚደርበው የለውም።

የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ እንደሌለው ታውቃላችሁ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ከ16 እስከ 18 እጥፍ ይታመቃል፤ ሲታመቅ ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበት በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ብርድ ያንን ግለት ከየአቅጣጫው ይቀንሰዋል። የሚገባው አየር ቀዝቃዛ ነው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ዘይቱ ስለወፈረ ሞተሪኖው፣ ማለትም ማስነሻው፣ ሞተሩን በዝግታ ያዞራል፤ በዝግታ ሲዞር የታመቀው አየር በፒስተን ቀለበቱ በኩል ያመልጣል። ባትሪውም በብርድ ይደክማል። ከዚህ ሁሉ በላይ ከፍታው አለ። በቆጂ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ከመቶ ሰባ እጅ ገደማ ነው። ስስ አየር ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ላፈራች ከተማ በረከት ነው። ላረጀ ናፍጣ ሞተር ግን ፈተና ነው።

ስለዚህ ኮምፕረሽኑ፣ ማለትም አየር የማመቅ ኃይሉ፣ የደከመ ትራክተር አዳማ ላይ በቀትር ሙቀት ቱር ብሎ ይነሳል። ደላላውም "አየኸው? በአንድ ቁልፍ!" ይላል። ገንዘባችሁን ከከፈላችሁ በኋላ ሰኔ ላይ ማሳው ዳር ቆሞ እምቢ ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሊገዛ የሄደ ሰው በጠዋት ይሂድ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ድረሱ። ሻጩ ሳያስነሳው በፊት እጃችሁን ሞኖብሎኩ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የያዘው ትልቁ ብረት፣ ላይ አድርጉ። ሞቅ ካለ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ አትከራከሩ፣ ነገ ተመለሱ። ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሳ ጭሱን እዩ። ነጭ ጭስ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ቢወጣና ቢጠፋ አያስጨንቅም፤ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ነጩ አልጠፋ ካለ ኮምፕረሽኑ ደክሟል፣ ወይም ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል በደንብ አይረጭም፣ ወይም የፖምፓው ታይሚንግ፣ ማለትም ናፍጣ የሚልክበት ቅጽበት፣ ተዛብቷል። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ከዚያ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ተመልከቱ። ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ቀለበቶቹ አልቀዋል፤ ወይ ዋጋው በዚያው ልክ ይቀነስላችሁ፣ ወይ ተዉት። ቀለሙ አዲስ መሆኑ፣ ጎማው መብረቁ ለእኔ ምንም አይነግረኝም።

የትኛው ይሻላል ለምትሉኝ፣ እኔ ለብርድ አገር ማሲ ፈርጉሰን 135ን እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ እንግሊዝ አገር የተሠራ ነው። በብዙዎቹ ላይ ያለው ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ነው፤ ሁለት ሊትር ተኩል ይሆናል። ትንሽ ነው፣ ግን የዋህ ነው፤ ጥገናውም አያስቸግርም። ከባድ የአርሲ ጥቁር አፈር ላይ በዲስክ ማረሻ ብዙ መሬት ለማረስ ለሚፈልግ ደግሞ ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 አለ። አራት ሲሊንደር፣ ሰማንያ የፈረስ ጉልበት። ከተማችን ናዝሬት በምትባልበት በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቁሞባት ነበር። የሶቪየት ትራክተር ጠባይ የሚያውቅ አንጋፋ መካኒክ እዚህ ማግኘት የማያስቸግረውም ለዚህ ነው።

አርሲ ትራክተር ያየችው ከዚያም በፊት ነው። በስዊድን እርዳታ በ1960 ዓ.ም. አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ስንዴና ምርጥ ዘር ይዞ ሲመጣ ባለመሬቶችም ትራክተር ማስገባት ጀመሩ። ያኔ ብዙ ጭሰኛ ከሚያርሰው መሬት ተፈናቅሏል። ይህን የማነሳው ከነገሩ ለመውጣት አይደለም። ዛሬ እናንተ በኪራይ የምታርሱለት ገበሬ የዚያ ጭሰኛ ልጅ ሊሆን ይችላል። ትራክተራችሁ በዘር ሰዓት ቆሞ ቢቀርበት የሚጎዳው እሱ ነው።

ወደ ብርዱ ልመለስ። ማሲው ላይ ቴርሞስታርት የሚባል ትንሽ ማሞቂያ አለ፤ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ላይ የተገጠመ ነው። ቁልፉን ወደ ማሞቂያው አዙራችሁ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ስትይዙት ሽቦው ይግላል፣ ጥቂት ናፍጣ እዚያው ይቀጣጠልና የሚገባውን አየር ያሞቀዋል። እዚህ አዳማ ሙቀት ስለሆነ ማንም አይጠቀምበትም። ስለዚህ በአብዛኛው ሽቦው ተቃጥሎ፣ የናፍጣ ቱቦውም በብሎን ተደፍኖ ታገኙታላችሁ። ወደ ደጋ ከመውጣታችሁ በፊት አሠሩት።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚቆረቁረኝ ነገር ልምጣ፤ ቴርሞስታት። ከስሙ መመሳሰል የተነሳ ከቴርሞስታርት ጋር አታምታቱት። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዝ ቫልቭ ነው። 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፍታል። እዚህ ሙቀት ውስጥ ሞተር ሲግልባቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት እሱን አውጥቶ መጣል ነው። "ለእኛ አገር አያስፈልግም" ይሏችኋል። ውሸት ነው። ሞተሩ የጋለው ራዲያተሩ ስለተደፈነ፣ ቺንጋው ስለላላ ወይም የውሃ ፖምፓው ስለደከመ ነው። ያንን ከማስተካከል ይልቅ ቫልቩን መንቀል ይቀላል።

ቴርሞስታት የሌለው ትራክተር በቆጂ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ አይሞቅም። ሰው አያስተውለውም፤ ምክንያቱም ይሠራል፣ ያርሳል። ውስጡ ግን እየተበላ ነው። በቀዝቃዛ ሲሊንደር ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። ያልተቃጠለው ግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ፣ ወደ ኮፓው፣ ይወርዳል። ዘይቱ ይቀጥናል። ዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ ዘይቱ ጨምሮ ካያችሁ ደስ አይበላችሁ፤ አሽትቱት፣ ናፍጣ ይሸታል። በሁለት ክረምት ውስጥ ቀለበትና ሲሊንደር ያልቃል። የቴርሞስታት ዋጋ ከአንድ ሞተር እድሳት ጋር የሚወዳደር አይደለም። መካኒካችሁ ሲያወጣው ካያችሁ "መልሰህ ግጠም" በሉት። እኔ ብሆንም እንኳ በሉኝ።

የራዲያተር ውሃ ሌላው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት፣ አርሲና ባሌ ደጋ ላይ ውርጭ ይወርዳል። ማሳው ነጭ ሆኖ ያድራል። ውሃ በረዶ ሲሆን በዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ብረት ደግሞ አይለጠጥለትም። ራዲያተር ሲፈነዳ በብየዳ ይመለስ ይሆናል። ሞኖብሎክ ሲሰነጠቅ ግን ትራክተሩ አለቀለት ማለት ነው። አንቲፍሪዝ የሚባለውን፣ ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚከላከለውን ፈሳሽ አንድ ሦስተኛ እጅ ብትቀላቅሉ ለእኛ ውርጭ ከበቂ በላይ ነው፤ ዝገትም ይከላከላል። መቀላቀያው ከጉድጓድ ውሃ ይልቅ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። አንቲፍሪዝ ይጣፍጣል፣ መርዝም ነው፤ ልጅም ውሻም በማይደርስበት አስቀምጡት። መግዣው ካጠራችሁ ማታ ማታ ውሃውን አፍስሱ። ማፍሰሻው ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ከራዲያተሩ ሥር፣ አንዱ ከሞኖብሎኩ ጎን። ብዙ ሰው የራዲያተሩን ብቻ ከፍቶ ይተኛል። ጠዋት ስትሞሉም ለብ ያለ ውሃ ይሁን እንጂ የፈላ አትጨምሩ፤ የቀዘቀዘ ብረት ድንገተኛ ሙቀት አይወድም።

ስለ ናፍጣው አጭር ነገር ልበል። ታንከሩን ማታ ሙሉት። ጎዶሎ ካደረ፣ ባዶው ቦታ ያለው እርጥብ አየር በብርድ ወደ ውሃነት ይለወጥና ከናፍጣው ሥር ይተኛል። ፊልትሮው ሥር ያለውን ውሃ ማጥለያ ጠዋት ጠዋት ከፍታችሁ አፍስሱ። በርሜል ከተጠቀማችሁ የታችኛውን እንዳትቀዱ። ነጭ ጋዝ መቀላቀል ደግሞ ጨርሶ ይቅርባችሁ፤ ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው ቅባት ነው፣ ነጭ ጋዝ ያደርቀዋል። የሞተር ዘይት ከ40 ቁጥር ይልቅ በብርድ ብዙ የማይወፍረው 15/40 ይሁን። የባትሪውን ተርሚናልና ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ገመድ አጽዱ። ስታስነሱ ማርሹ ፎሌ ላይ፣ ማለትም ነፃ፣ ይሁን፤ ፍሪሲዮን እስከ ታች ርገጡ፣ ሞተሪኖው የካምቢዮውን ወፍራም ዘይት አብሮ እንዳያዞር። ከ15 ሰከንድ በላይ ሳታቆሙ አታዙሩ፤ አንድ ደቂቃ አሳርፉና ድገሙ።

አልነሳም ሲል ሰው የሚያደርገውን ብዙ አይቻለሁ። አንዱ ኤተር፣ ቶሎ የሚቀጣጠል ማስነሻ ፈሳሽ፣ ይነፋበታል። ማሞቂያ በጋለበት ማኒፎልድ ውስጥ ኤተር ከተነፋ ፊት ላይ ይፈነዳል፤ ባይፈነዳም ቀለበት ይሰብራል። ሌላው ኮፓው ሥር የጭድ እሳት ያነዳል፤ ዘይትና ናፍጣ በተጨማለቀበት ብረት ሥር! ሌላው ማታ ቁልቁለት ላይ ያቆመውና ጠዋት በግፊት ያስነሳዋል። የፍሬኑን ነገር ሳያውቅ፣ ከፊቱ ማን እንዳለ ሳያይ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ካቻቢቴው ነው። መሬት ላይ ቆሞ ሞተሪኖውን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት። ማርሽ ውስጥ ከነበረ ትራክተሩ እንደተነሳ ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ደግሞ የቆማችሁበት ቦታ ላይ ነው የሚያልፈው። በዚህ የሞተ ሰው ቀብር ሄጃለሁ። እባካችሁ። ሞተሪኖው ካልሠራ ሥራው ይቅር፣ ቀኑ ይለፍ።

ስለ ኦፕሬተሩም አስቡ። የድሮ ትራክተር ካቢን የለውም። ሰው በበቆጂ ጠዋት ነፋስ እላዩ ላይ ሲቀመጥ ጋቢ መልበሱ አይቀርም። ጋቢ ግን የፒቲኦ ዘንግ፣ ከትራክተሩ ኋላ ሌላ መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግ፣ ይይዘዋል። ዘንጉ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ ጨርቁን ከነሰውየው ይጠቀልላል። ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያና ጓንት ግዙለት፤ ከትራክተሩ ዕቃ ጋር ቁጠሩት። የሚያድርበትንም እዩ። በእህል መጋዘን ወይም በጭቃ ቤት ከሰል አያይዞ በሩን ዘግቶ የተኛ ወጣት ስንቱ በዚያው ቀርቷል። ሁለት ብርድ ልብስ ስጡት፣ ከሰሉ ውጭ ይደር። ትራክተሩንም በር ዘግታችሁ ቤት ውስጥ አታሙቁት፤ ጭሱ ያው ገዳይ ነው።

ሞተሩ ሲነሳ ወዲያው ጋዝ አትስጡት። የዘይት ግፊቱ እስኪወጣ ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ቆሞ እንዲያንኮራኩርም አትተዉት፤ በዝቅተኛ ዙር ረጅም ጊዜ መቆም ራሱ ቀዝቃዛ ሲሊንደር ነው። ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ ያለ ማረሻ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ሃይድሮሊኩን ሁለት ሦስቴ ማንሳትና ማውረድ፣ ከዚያ ማረሻውን መሬት ማስነካት። ይህ ጊዜ ይወስዳል። እናንተ አዳማ ሆናችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ስልክ እየደወላችሁ "ለምን አልጀመርክም?" ካላችሁት ኦፕሬተሩ ወደ ካቻቢቴው ይሄዳል። ስለዚህ ከገበሬው ጋር ስትዋዋሉ ሥራ የሚጀመረው 2 ሰዓት ላይ ነው ብላችሁ ጻፉ። ኦፕሬተሩን ግን የማሞቂያውን ሰዓት ጨምራችሁ ክፈሉት።