ሳያነክስ የሚሄድ እግር

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በነርስነት ነው፤ አብዛኛውንም የሥጋ ደዌ ከያዛቸው ሰዎች ጋር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ምክር ስትጠይቁኝ ቀድሞ የሚመጣልኝ እዚያ ያየሁት ስለሆነ እሱኑ ልጻፍላችሁ። ስለ ሕመም ነው።

ብዙ ሰው የሥጋ ደዌ ራሱ ጣት የሚቆርጥ ይመስለዋል። ባክቴሪያው የሚያጠቃው ቆዳንና ነርቭን ነው። ቀዝቀዝ ያለውን የሰውነት ክፍል ይመርጣል፤ እጅን፣ እግርን፣ ፊትን። ነርቩ ሲጎዳ እጅና እግር ይደነዝዛል። የቀረውን ጉዳት የሚያደርሰው የዕለት ኑሮ ነው። የጋለ ድስት አለ፣ የእርፍ እንጨት አለ፣ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር አለ። ሰውየው ስለማያመው እጁን አይሰበስብም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱ ይጎዳል፣ ጣቱ እያጠረ ይሄዳል።

ስሜት መኖር አለመኖሩን የምንመረምረው በቀጭን የናይለን ክር ነበር። እሱ ሲጠፋ በእስክሪብቶ ጫፍ። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍናል፤ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። አንድ ገበሬ አባት መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። አውራ ጣታቸውን ነካሁ። ትንሿን ጣት ነካሁ። መሐል እጃቸውን ነካሁ። ዝም። ቆየት ብለው፣ «ሲስተር፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?» አሉኝ።

እኒሁ አባት ውስጥ እግራቸው ላይ ጥልቅ ቁስል ነበራቸው። ግን ክፍሉ ውስጥ የገቡት ቀጥ ብለው፣ ሳያነክሱ ነው። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

እሾህ የወጋው ጤነኛ ሰው እኮ ያነክሳል። ሌላኛው እግር ክብደቱን ይረከባል። ወገብ ይጣመማል። እጅ ግድግዳ ይፈልጋል። ቁስለኛው እግር በዚህ መሐል ፋታ ያገኝና ይድናል። ቁስሉ ከባሰ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፤ የታመመው ተረከዝ፣ ያበጠው ብሽሽት። ገላው በሙሉ ያተኩሳል፣ እንቅልፍም ይጠፋል። ለአንድ ተረከዝ ሲባል ሰውነት ሁሉ ሥራ ይፈታል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ አንድ ብልት ቢሠቃይ ብልቶች ሁሉ አብረውት ይሠቃያሉ ብሏል። ነቢዩ ሙሐመድም ምእመናንን በአንድ አካል መስለው፣ አንዱ ብልት ሲታመም የቀረው አካል በትኩሳትና በእንቅልፍ ማጣት አብሮት ይታመማል ብለዋል። ሁለቱንም ሌሊት ተረኛ ሆኜ አይቻቸዋለሁ።

ለእናንተ የምፈራው ድንዛዜውን ነው። ሕመሙን የነገራችሁን ጓደኛ «ባክህ አታካብድ» ስትሉት እሰማለሁ። ስልካችሁ ላይ የሚያለቅስ ሰው ይመጣል፣ በአውራ ጣት ገፋ ታደርጉትና ወደሚያስቀው ታልፋላችሁ። «እኔ ምንም አይሰማኝም» ማለት ጥንካሬ ሆኗል። ያ አባትም ቁስላቸው ላይ ሲራመዱ ላያቸው ጠንካራ ይመስሉ ነበር።

የእድር ድንኳን መንገድ ዘጋብን ብላችሁ ስትማረሩም ሰምቻለሁ። እኔ ግን ድንኳኑን ሳይ ደስ ይለኛል፤ በኀዘኑ አይደለም። መኪናው ዞሮ ይሄዳል፣ አግዳሚ ወንበር ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ሰው ከሥራው አስፈቅዶ ይቀመጣል። መንደሩ እያነከሰ ነው ማለት ነው። ይኼ ሲቀር ነው መስጋት ያለባችሁ።

ሌላም ነገር ልጨምር። ስሜት የጠፋበትን እጅ ባለቤቱ ቀስ በቀስ የራሱ አድርጎ ማየቱን ይተወዋል። «ይኼ እጅ የኔ አይመስለኝም» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ሕዝብም በእነሱ ላይ ያንኑ አደረገ። «በዘር ይመጣል» ተብሎ ጋብቻ ተከለከሉ። ቀያቸው ስላልተቀበላቸው ድነው እንኳ ሆስፒታሉ ጥግ ሠፍረው የቀሩ አሉ። በ1958 ዓ.ም. ወደተቋቋመው ወደ አለርት ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሠፈር ስትሄዱ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ታገኛላችሁ።

ታዲያ የደነዘዘ ሰው ምን ያድርግ? ለቆየ ጉዳት ነርቩ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ የምናስተምራቸው በዓይን መጠበቅን ነው። ማታ ማታ እግርን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የደደረውን ቆዳ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ሳይደርቅ ቅባት መቀባት። በጣቶች መሐል፣ በውስጥ እግር በኩል ማየት። ካልታየ መስታወት መጠቀም ወይም የቤት ሰው መጥራት። ጠዋት ጫማውን አራግፎ ማድረግ። ስኳር ያለባቸው ወላጆች ካሏችሁ እግራቸውን እንዲሁ እዩላቸው። ይህን በየቀኑ ያደረጉ ሰዎች፣ ምንም ሳይሰማቸው፣ እግራቸውን ይዘው አርጅተዋል።

እናንተም ርኅራኄው እስኪሰማችሁ አትጠብቁ። ላይመጣ ይችላል፤ በብዙ ወሬና በብዙ ሥዕል የደነዘዘ ልብ ቶሎ አይነቃም። ዓይናችሁን ተጠቀሙ። ማታ ስትጸልዩ ወይም ከሰገዳችሁ በኋላ የቤታችሁን ሰው አንድ በአንድ አስቡ። ዛሬ ማን ፊቱ ጠቁሮ ዋለ? የቤት ሠራተኛችሁ በላች? ከጓደኞቻችሁ ግሩፕ ድምፁ የጠፋ ማን ነው? «ደህና ነኝ» ያለውን በስልክ አትመኑ፤ ሄዳችሁ እዩት። ለሦስት ቀን ያልወጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ያለው ያልታጠበ ሳህን መልእክቱ ውስጥ የሌለውን ይነግራችኋል። ሄዳችሁ ምንም ባይሰማችሁ እንኳ ሳህኑን እጠቡለት፣ ሻይ አፍሉለት፣ ቁጭ በሉ።

የቀረው የሙያዬ ነገር ነው። ቆዳችሁ ላይ ከሌላው ገላ የነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካያችሁ፣ ቅባት እየቀባችሁ ጊዜ አትፍጁ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ባክቴሪያው ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ «ከማን ያዘኝ» እያላችሁ ሰው አትጠርጥሩ። ሕክምናው እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር የሚዋጥ መድኃኒት ነው፣ በነጻ። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። ጣቶቹ ያጠሩ ሰው እጁን ሲዘረጋላችሁ ጨብጡት።