አምስት ፓርክ በስምንት ቀን ወይስ ሁለት ቦታ በእርጋታ? ለጋብቻ በዓላቸው ሳፋሪ ለጠየቁ እህታችን

ውድ እህታችን፣ የጋብቻችሁን አሥረኛ ዓመት ለማክበር በየካቲት ወር ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ለመጓዝ እንዳሰባችሁ፣ አስጎብኚው ድርጅትም በስምንት ቀን ውስጥ በኬንያ አምቦሴሊንና ማሳይ ማራን፣ በታንዛኒያ ደግሞ ሴሬንጌቲን፣ ንጎሮንጎሮንና ታራንጊሬን የሚያዳርስ መርሐ ግብር እንዳቀረበላችሁ ገልጸው፣ ይህ ለሁለት ፍቅረኞች የሚሆን ጉዞ መሆን አለመሆኑን ጠይቀዋል። እኔና ባለቤቴ በእነዚህ አገሮችም ሆነ በቦትስዋና በሳፋሪ ስለተጓዝን ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍልዎት። መርሐ ግብሩን ባትቀበሉት እመርጣለሁ። ከአምስቱ ሦስቱን ትታችሁ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ብቻ ረጋ ብላችሁ ቆዩ።

አንደኛው ምክንያቴ መንገዱ ነው። ማሳይ ማራና ሴሬንጌቲ በካርታ ላይ የተያያዙ ሜዳዎች ናቸው፤ እንስሳቱም ድንበሩ ሳያግዳቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ጎብኚ ግን በዚያ አቋርጦ ማለፍ ስለማይፈቀድለት፣ በምዕራብ በኩል ዞሮ በኢሴባኒያ የድንበር ኬላ መግባት ይኖርበታል፤ በዚህም የቀኑ አብዛኛው ክፍል መኪና ውስጥ ያልቃል። ከታንዛኒያዋ ከተማ ከአሩሻ ተነስቶ የሴሬንጌቲ እምብርት የሆነችው ሴሮኔራ ለመድረስም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል፤ ከንጎሮንጎሮ ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ አቧራማና የሚያንገጫግጭ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ በየሁለት ቀኑ የሚደጋግሙ ባልና ሚስት ማታ ካምፕ ሲደርሱ ከእንቅልፍ በቀር የሚመኙት ነገር አይኖርም። ለመጨዋወትና አብሮ ለመሆን ለወጣ ሰው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

የመረጣችሁት ወር ግን እጅግ መልካም ነው። በየካቲት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ዋይልድቢስቶች (በመንጋ የሚጓዙ፣ ከብት መሰል ቀንዳም የዱር እንስሳት) ከብዙ የሜዳ አህዮች ጋር በደቡብ ሴሬንጌቲና ከእሱ ጋር በተያያዘው በንዱቱ አካባቢ ይሰፍራሉ። በዚያ ያለው አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ በመሆኑ አጭሩ ሣር ለሚያጠቡ እናቶች በሚያስፈልጉ ማዕድናት የበለጸገ ነው፤ ሴቶቹም የሚወልዱት እዚያው ነው። አብዛኞቹ ጥጆች የሚወለዱት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ፣ አንበሳውም ጅቡም አቦሸማኔውም የቱንም ያህል ቢበላ ሁሉን መጨረስ አይችልም። የተወለደው ጥጃ በደቂቃዎች ውስጥ ቆሞ ከእናቱ ጎን ሲሮጥ ማየት፣ እኔ በበኩሌ፣ ብዙ ሰው ከሚመኘው የወንዝ መሻገር ትዕይንት ይበልጥብኛል። በነገራችን ላይ፣ አዞ በሞላበት የማራ ወንዝ መንጋው ሲሻገር የሚታየው ባብዛኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው፤ በየካቲት ይህን አሳያችኋለሁ የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ስለዚህ አራት ሌሊት በንዱቱ አካባቢ ብታሳልፉ ይበቃችኋል። ንዱቱ በአብዛኛው በንጎሮንጎሮ ጥበቃ ክልል ውስጥ ስለሚገኝ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ወደ እንስሳቱ መጠጋት ይፈቀድለታል፤ በሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግን ከተሠመረው መንገድ መውጣት ክልክል ነው።

ከቦታው ምርጫ ባልተናነሰ የጉዞውን መልክ የሚወስነው መኪናው ነው። በገንዘባችሁ ላይ መቆጠብ ካለባችሁ በክፍሉ ቅንጦት ላይ ቆጥቡ እንጂ ለብቻችሁ በሚሆን መኪና ላይ አትቆጥቡ። እኛ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር በጋራ መኪና በተጓዝንበት ጊዜ ጥሩ ሰዎች ቢሆኑም የእያንዳንዱ ፍላጎት የተለያየ ነበር፤ አንዱ ዝሆን ካልታየ ይላል፣ ሌላው ለምሳ እንመለስ ይላል፣ ባለቤቴ ደግሞ ወፍ ባየ ቁጥር መቆም ይፈልጋል። በሌላ ጊዜ መኪናውን ለብቻችን ይዘን ንዱቱ ላይ ሦስት ግልገሎች ያሏትን አቦሸማኔ አግኝተን ረፋዱን ሙሉ አጠገቧ ቆየን። ረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ግልገሎቹ በጭራዋ ይጫወታሉ፣ እሷ ሜዳውን ትቃኛለች፣ እኛም በሹክሹክታ ከአደን በፊት ምን እንደምታስብ እንገምታለን። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ያወራነውን ያህል በቤታችን በወራት ውስጥ ማውራታችንን እጠራጠራለሁ። አስጎብኚያችሁንም በመጀመሪያው ቀን፣ በሬዲዮ አንበሳ ተገኘ ሲባል ብዙ መኪኖች ወደተሰበሰቡበት እንዳይከንፍ፣ የምትፈልጉት ረጅም ቆይታ እንደሆነ በግልጽ ንገሩት። አብዛኞቹ አስጎብኚዎች እንዲህ ያለ እንግዳ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

ካምፕ ስትመርጡ ፎቶግራፉ የማይናገራቸውን ነገሮች ጠይቁ። አልጋው አንድ ሰፊ መሆኑን ወይስ ሁለት ነጠላ አልጋዎች መሆናቸውን፣ ድንኳኖቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ፣ እኩለ ቀን ላይ በጥላ ሥር የምታርፉበት በረንዳ መኖሩን አረጋግጡ፤ እንስሳቱ በሙቀት ሰዓት ስለሚያርፉ ከጠዋቱና ከማታው ጉብኝት መካከል ያለው ረጅም ጊዜ የእናንተ ነው። ብዙዎቹ ካምፖች አጥር ስለሌላቸው ከጨለመ በኋላ ያለ ጠባቂ ከድንኳን መውጣት አይፈቀድም፤ በጨረቃ ብርሃን ሁለት ሆኖ መንሸራሸር የሚባለውን ሐሳብ ከወዲሁ ተዉት። የአንበሳ ግሣት ከስምንት ኪሎ ሜትር ርቀት ሊሰማ ስለሚችል ድንኳኑ አጠገብ ያለ እስኪመስል ያስደነግጣል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ይህን የምትፈሩ ከሆነ አሁን ተነጋገሩበት፤ በፍርሃት ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያድር ሰው የፍቅር ጉዞ ላይ አይደለም፣ በግንብ የተሠራ ሎጅ መምረጥም ምንም አያሳፍርም።

ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ተደርምሶ በፈጠረው በንጎሮንጎሮ ሰፊ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሁለት ሌሊት ይበቃል። አፋፉ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ስላለው ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሹራብ አትርሱ። ጉድጓዱ 600 ሜትር ያህል ጥልቀትና 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ወለል ያለው ሲሆን፣ ጥቁር አውራሪስን ለማየት ጥሩ ዕድል ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በር እንደተከፈተ ውረዱ፤ ረፋድ ላይ መኪና ይበዛል።

ከጤና አንጻር ሁለቱም አገሮች ወባ ስላለባቸው ሐኪም ሳታማክሩ አትነሡ። አንዳንዱ መከላከያ ከጉዞው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ የሚጀመር ሲሆን ሌላው አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ይጀመራል። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ይህን ለሐኪሙ መንገር የግድ ነው፤ መድኃኒቱም ሆነ ጉዞው ራሱ ሊለወጥ ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ አሥር ቀን በኋላ መሆኑንም አስቡ። ሰማያዊና ጥቁር ልብስ ፀፀ ዝንብን ስለሚስብ አፈርማ ቀለም ያዙ። በትንንሽ አውሮፕላኖች የምትበሩ ከሆነ የሚፈቀደው ጓዝ ብዙ ጊዜ 15 ኪሎ ግራም ነው፣ ሻንጣውም ጠንካራ ሳይሆን ለስላሳ ቦርሳ መሆን አለበት።

ጉዞውን ወደ ክረምት ማዛወር የምትችሉና በጀታችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ግን፣ ለሁለት ሰዎች ከሁሉ የምመርጠው የቦትስዋናውን ኦካቫንጎ ዴልታ ነው። በአንጎላ ደጋ የዘነበው ዝናብ ወራትን ተጉዞ እዚያ የሚደርሰው አካባቢው ደረቅ በሆነበት ወቅት በመሆኑ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ውኃው ሜዳውን ይሞላዋል። ሞኮሮ በሚባለው ጠባብ ጀልባ ሁለታችሁ ፊትና ኋላ ትቀመጣላችሁ፣ ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በረጅም ዘንግ ይገፋል፤ የሞተር ድምፅ የለም። አገሪቱ ጥቂት ጎብኚ በከፍተኛ ዋጋ መቀበልን ስለምትመርጥ ወጪው ከባድ ነው።

በየካቲቱ ከጸናችሁ ግን የንዱቱ ካምፖች በዚያ ወር ቶሎ ስለሚያዙ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ለድርጅቱ ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ላኩ፦ መኪናው ለእኛ ብቻ ነውን? ካምፑ በየካቲት የሚተከለው በትክክል የት ነው? የዕለቱ የመኪና ሰዓት ገደብ አለውን? መልሱን እዚህ ብታጋሩን የትኛው እንደሚሻል አብረን እንመለከታለን።