መልስ፦ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ኤችአይቪ በደምሽ እንዳለ ነግረሽኝ፣ ቡሬ ያሉት እናትሽ ሕፃኑን ቅቤ ላልስ ቢሉ ምን ልበል ብለሻል። እምቢ በይ! ቅቤም አብሽም ውሃም ከጡት ጋር ሲቀላቀል ቫይረሱ ወደ ልጁ የመተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል። የራስሽን ጉዳይ መናገር ካልፈለግሽ፣ «ሐኪም እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ እንዳይቀምስ ብሎኛል» በያቸው። ለሁሉም ሕፃን የሚሰጥ ምክር ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም።

ቫይረሱ ልጁን እንዳይዘው የሚሰጠውን የኔቪራፒን ሽሮፕ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለክተሽ በጉንጩ በኩል ቀስ እያልሽ ስጪው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰው ድገሚለት። በ6 ሳምንቱ ለደም ምርመራ ውሰጂው፤ ከሌሎች ኢንፌክሽኖች የሚከላከለውን ኮትሪሞክሳዞልንም ያኔ ይጀምራል። ከሁሉም በላይ ግን ያንቺን መድኃኒት አንድም ቀን እንዳታቋርጪ፣ አደራ! ጡትሽ ከቆሰለ ደግሞ ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ።